ሙጫው የሚመሰክረው ስለ ራሱ ነው፦ ስለ ናኖቅንጣት ለተሰራጨው ጽሑፍ ምላሽ

ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት ባሉ ጋራዦችና የብረታ ብረት ሥራ ቤቶች ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር የሰነበተ ጽሑፍ አለ። የሚያወራው ሙጫ ውስጥ ናኖቅንጣት (በናኖሜትር፣ ማለትም በሚሊ ሜትር ሚሊዮንኛ የሚለካ ደቂቅ ቅንጣት) ቀላቅሎ፣ የተጣበቀው መጋጠሚያ ጤነኛ መሆን አለመሆኑን በኤሌክትሪክ ስለ መከታተል ነው። ጸሐፊው ጉዳዩን በአማርኛ በማንሣታቸው ሊመሰገኑ ይገባል፤ የተነሡበት ሐሳብም እውነት ነው። ከዚያ እውነት ተነሥተው የደረሱባቸው መደምደሚያዎች ግን አብዛኞቹ አይይዙም። አንዳንዶቹ ገንዘብ ያስከስራሉ፤ አንዱ ሰው ሊያስገድል ይችላል።

ያሉት በአጭሩ ይህ ነው። ኢፖክሲ (ከማድረቂያ ጋር ተደባልቆ የሚጠነክር ሙጫ) ውስጥ ቁንጥር ካርቦን ናኖቲዩብ ከተጨመረ ሙጫው ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ስለዚህ ሁለቱን ብረቶች በቴስተር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ነክቶ ቁጥሩን ያነበበ ሰው መጋጠሚያው ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ ያውቃል። ቅንጣቱ በበዛ ቁጥር ሙጫውም ይጠነክራል፣ ምልክቱም ይጠራል። ናኖቲዩብ ለተወደደበት ሰው የከሰል ዱቄት ወይም የባትሪ ድንጋይ ጥቁር ዱቄት ይተካዋል። በደንብ ባልጸዳ ብረት ላይ የተቀባ ሙጫ በቁጥሩ ስለሚጋለጥ በማሻሸትና በማጽዳት ጊዜ ማጥፋት፣ በመዶሻ እያንኳኩ ማዳመጥም ቀረ። ለዚህ በ1988 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ሃዋይ ሰማይ ላይ ጣሪያው የተገነጠለውን የአሎሃ አየር መንገድ አውሮፕላን ምስክር አድርገው ያቀርባሉ። ጣርማ በርን ለሚወርዱ ከባድ መኪኖችም የፍሬን ሸራው ሙጫ ውስጥ ቅንጣቱ ቢገባና ሾፌሩ ፊት አምፖል ቢደረግ አደጋ ይቀንሳል ይላሉ። ጤናን በተመለከተ ያሉት አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፦ ካርቦን ነው፣ ከምድጃ ጥላሸት አይለይም።

ትክክል የሆነውን እናስቀድም። ኢፖክሲ በባሕርዩ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ጃፓናዊው ሱሚዮ ኢጂማ በ1991 ስለ አወቃቀሩ ከጻፈ በኋላ በስፋት የተጠናው ካርቦን ናኖቲዩብ ደግሞ ክር መሳይ ነው፤ ውፍረቱ በናኖሜትር፣ ርዝመቱ በማይክሮሜትር ይለካል። እንዲህ የቀጠነና የረዘመ ነገር በሙጫው ውስጥ በሚገባ ከተበተነ ከሙጫው ክብደት ከመቶ 0.1 እስከ 0.5 እጅ ብቻ ሆኖ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተያያዘ መረብ ይሠራል። ክሮቹ የግድ መነካካት የለባቸውም፤ ክፍተታቸው እስከ ሁለት ናኖሜትር ድረስ ከሆነ ኤሌክትሮን ዘልሎ ያልፋል። መጋጠሚያው ሲሳብ ክፍተቱ ይሰፋል፣ ሬዚስታንሱም (የኤሌክትሪኩን መተላለፍ የሚቃወምበት መጠን፣ በኦም የሚለካው) ይጨምራል። ጭነቱ ሲነሣ ይመለሳል። ሙጫው ከተሰነጠቀ ግን መረቡ ስለሚቆረጥ ቁጥሩ ወደ ነበረበት አይመለስም። ይህ ልዩነት ትልቅ ነገር ነው፤ ጭነትን ከጉዳት ለመለየት ያስችላል። ጸሐፊው በዚህ ላይ የጻፉት አንድም ስሕተት የለበትም።

ስሕተቱ የሚጀምረው «ቁጥሩ ጥንካሬውን ይናገራል» ሲሉ ነው። ስሌቱን እንሥራው። ሁለት የአሉሚኒየም ላሜራ ቁራጮች፣ ወርዳቸው 25 ሚሊ ሜትር፣ የተደራረቡበት 12.5 ሚሊ ሜትር፣ የሙጫው ውፍረት 0.2 ሚሊ ሜትር ይሁን። ናኖቲዩብ የገባበት ሙጫ ኤሌክትሪክን የመቃወም ባሕርዩ 100 ኦም-ሜትር ቢሆን በሁለቱ ብረቶች መካከል 64 ኦም ይነበባል። አሁን ሌላ ሠራተኛ ያንኑ ሙጫ በዚያው ስፋት ቀብቶ ጠበቅ አድርጎ ሲይዘው ውፍረቱ 0.1 ሆነ እንበል፤ 32 ኦም። ሦስተኛው ላላ አድርጎ 0.3 ላይ ተወው፤ 96 ኦም። ከትንሹ እስከ ትልቁ ሦስት እጥፍ ልዩነት አለ፤ ጥንካሬያቸው ግን በሦስት እጥፍ አይራራቅም። በተቃራኒው ደግሞ አንዱን ቁራጭ ሳያጸዱ ናፍጣ በነካው እጅ ይዘው ቢለጥፉት ያው 64 ኦም ሊያነብ ይችላል፣ በእጅም ሊላቀቅ ይችላል። ይህ መለኪያ ቴርሞሜትር አይደለም። እርሱ የሚያውቀው «ከትናንቱ ምን ተለወጠ?» የሚለውን ብቻ ነው፤ መነሻ ንባብ ያልተያዘለት መጋጠሚያ ላይ የሚነበብ ቁጥር ምንም አይነግርም።

ለውጡንስ ያያል? በትንሿ ቁራጭ ላይ አዎ። ስንጥቁ ከ12.5 ሚሊ ሜትሩ አንድ ሚሊ ሜትር ቢገባ 64ቱ ኦም ወደ 69.6 ይወጣል፤ ወደ 9 በመቶ ገደማ ነው፣ ማንኛውም ቴስተር ያየዋል። ላቦራቶሪዎች የሚያሳዩዋቸው ያማሩ ግራፎች የሚመጡት ከእንዲህ ዓይነት ትንንሽ ናሙናዎች ነው። ጸሐፊው ግን ያንን ወስደው የመኪና ቦዲና የውኃ ታንከር ላይ ለሚለጠፍ መጠገኛ አዋሉት። 30 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ላሜራ በዚያው ሙጫ ቢለጠፍ ጠቅላላ ሬዚስታንሱ 0.22 ኦም ብቻ ነው። የተራ ቴስተር ትንሹ ንባብ 0.1 ኦም ሲሆን የራሱ ገመዶች ሬዚስታንስ ከዚህ ይበልጣል። ከሥሩ የአንድ ብር ሳንቲም የሚቀራረብ፣ ዲያሜትሩ 25 ሚሊ ሜትር የሆነ ቦታ ቢላቀቅ ለውጡ 0.55 በመቶ ነው። በአራት ገመድ ዘዴ፣ ማለትም በሁለቱ 100 ሚሊ አምፔር እየላኩ በሌሎቹ ሁለት ቮልቴጁን ቢለኩት፣ 22.2 የነበረው ሚሊ ቮልት 22.3 ይሆናል። የመጨረሻዋ አኃዝ አንድ ጊዜ ተንቀሳቀሰች ማለት ነው። በዚያ ላይ የላሜራው ጫፍ አንድ ቦታ ላይ ከታችኛው ብረት ጋር ከተነካካ ወይም ማጠንከሪያ ተብሎ አንድ ብሎን ከተመታ ኤሌክትሪኩ በዚያ ያልፋል፤ ሙጫው ሙሉ በሙሉ ቢረግፍም ንባቡ አይነቃነቅም።

የደጋው አየር ደግሞ ይህን ሁሉ ይበጠብጠዋል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይጥላል፣ ቀን ወደ 20 ዲግሪ ይደርሳል። ኢፖክሲ ለእያንዳንዱ ዲግሪ ከሚሊዮን 55 እጅ ያህል ይሰፋል፤ ለ20 ዲግሪ ልዩነት ከመቶ 0.11 እጅ ይሆናል። መረቡ ለመሳብ የሚሰጠው ምላሽ ሦስት እጥፍ ቢሆን ከሌሊት እስከ ቀትር ባለው ጊዜ ብቻ ሬዚስታንሱ 0.33 በመቶ ይወዛወዛል ማለት ነው። ከሳንቲሟ ምልክት ከግማሽ በላይ ነው፣ ያውም ሙቀት በራሱ በኤሌክትሮኖቹ ዝላይ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ሳይታሰብ። ጠዋት የተለካው ከሰዓት ከተለካው ጋር ከተነጻጸረ በየቀኑ «ተሰንጥቋል» እና «ድኗል» ሲባል ይዋላል። መድኃኒቱ አለ፦ ከዚያው ብጥብጥ የተሠራ፣ ምንም ጭነት የማይነካው ምስክር ናሙና ከመጋጠሚያው አጠገብ ይቀመጣል፤ የሚመዘገበው የሁለቱ ንባብ ሬሾ ነው። ጽሑፉ ውስጥ ስለዚህ አንድ ቃል የለም።

ሌላም የደጋ ጣጣ አለ። በክፍል ሙቀት የሚደርቅ ኢፖክሲ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር ፍጥነቱ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፤ ከ5 ዲግሪ በታች የቆመ ያህል ነው። ማታ በብርድ የተለጠፈ ነገር ለሳምንታት መድረቁን ይቀጥላል፣ ሬዚስታንሱም ያለ ምንም ጉዳት አብሮ ይንሸራተታል። በነገራችን ላይ ቅንጣቱ ከምር የሚጠቅመው እዚህ ነው፤ ንባቡ መንሸራተቱን አቁሞ ሲረጋ ሙጫው መድረቁን መገመት ይቻላል። ጸሐፊው ይህን ጥቅም ቢያነሡት መልካም ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ክርክር፣ ወደ ጽዳቱ እንምጣ።

የተጣበቀ ነገር የሚላቀቀው በሁለት መንገድ ነው። ወይ ሙጫው ራሱ መሃሉ ላይ ይቀደዳል፣ ወይ ሙጫውና ብረቱ የተያያዙበት ገጽ ይለቃል። በአግባቡ የተነደፈና የተለጠፈ መጋጠሚያ ከተሰበረ የሚሰበረው በመጀመሪያው መንገድ ነው። ሥራ ላይ ሰው የሚያስደነግጠው ሁለተኛው ነው፤ ዘይት፣ ዝገት፣ አቧራ ወይም ቀስ ብሎ የገባ እርጥበት ያመጣዋል። ናኖቅንጣቱ ያለው ደግሞ ሙጫው ውስጥ ነው። ስለ ሙጫው መቀደድ ጥሩ ምስክር ነው፤ ብረቱ ላይ ያለውን በናኖሜትር የሚለካ የዘይት ሽፋን ግን አያይም። ሙጫው ብረቱን ነክቶት ተኝቶ ሳይዘው ሊቀር ይችላል። ኤሌክትሪክ ለማለፍ መነካካት ይበቃዋል፣ መያያዝ አይጠይቅም። ስለዚህ እንዲህ ያለው ደካማ ገጽ ንባቡ ላይ ጤነኛ ይመስላል፤ ቁጥሩ የሚዘልለው ገጹ ከተከፈተ በኋላ፣ ማለትም ነገሩ ካበቃ በኋላ ነው።

ይህን ለማወቅ የሩቅ አገር ጥናት አያሻም። ማንም ጎሚስታ የተበሳውን ጎማ ሳይሞርድና ሳያጸዳ ሶሉሽን አይቀባም፤ ሶሉሽኑ ሳይጠወልግም ፓች አይለጥፍም። ፓቹ የሚለቀው ከጎማው ጋር ከተያያዘበት ገጽ እንጂ ፓቹ ራሱ ተቀዶ እንዳልሆነ ያውቃላ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለዚህም ይሠራል።

የአሎሃ ምስክርነትም እዚሁ ላይ ይገለበጣል። በ1988 ሚያዝያ መጨረሻ ከሂሎ ወደ ሆኖሉሉ ይበር የነበረው ያ ቦይንግ 737 ወደ 90,000 ገደማ በረራ ያደረገ ነበር፤ የፊተኛው ጣሪያው ተገንጥሎ አንዲት የበረራ አስተናጋጅ ሞተች። የቦዲው ላሜራዎች የተደራረቡበት ቦታ በቀዝቃዛ ዘዴ በኢፖክሲ የተለጠፈና በሪቬት የተመታ ነበር። ኢፖክሲው በስስ ጨርቅ ላይ ተነክሮ በማቀዝቀዣ ይቀመጥ ነበር፤ በአያያዙና በገጽ ዝግጅቱ ጉድለት፣ በእርጥበትም ምክንያት አንዳንድ ቦታ በደንብ ሳይዝ ቀረ። እርጥበት ገባ፣ ብረቱ ዛገ፣ ገጹ ለቀቀ። ሙጫው ሊሸከመው የነበረው ጭነት ወደ ሪቬቶቹ ዞረ፤ የሪቬት ቀዳዳዎቹ ጠርዝ ስለት ሆኖ ስለነበር ከዚያ የድካም ስንጥቆች (ከጭነት መደጋገም የሚመጡ) ተነሡና ተያያዙ። በሽታው የጀመረው ናኖቅንጣት በማያይበት ገጽ ላይ ነው፤ የሰነጠቀውም ሙጫው አይደለም፣ አሉሚኒየሙ ነው። መጋጠሚያው ደግሞ በሪቬት ስለተያያዘ የኤሌክትሪክ ንባቡ ከመጀመሪያውም ዜሮ አካባቢ ይሆን ነበር። ጸሐፊው ለክርክራቸው ከዚህ የባሰ የማይስማማ ምሳሌ ሊያገኙ አይችሉም ነበር።

አንድ ነገር እንጨምር፣ ነገሩ ትንሽ ስለሚያስቅ። ለአሉሚኒየም ከሚታወቁት የገጽ ዝግጅቶች ምርጡ በፎስፎሪክ አሲድ ውስጥ አኖዳይዝ ማድረግ (በኤሌክትሪክ የኦክሳይድ ሽፋን ማብቀል) ነው። የሚፈጠረው የኦክሳይድ ሽፋን ግን ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ማለትም ብረቱን በሚገባ ባዘጋጀነው መጠን በብረቱ በኩል የመለካቱ ዕድል ይጠባል፤ ኤሌክትሮዱ ሙጫው ውስጥ ራሱ መግባት ይኖርበታል። ካርቦን ከአሉሚኒየም ጋር እርጥበት ባለበት ሲገናኝ አሉሚኒየሙን ለዝገት እንደሚያጋልጠውም መዘንጋት የለበትም።

በመዶሻ ወይም በሳንቲም ማንኳኳት ደካማ ገጽን አያገኝም ማለታቸው ትክክል ነው። ባዶ የቀረን ወይም ተላቅቆ የተከፈተን ቦታ ግን በድምፁ ለይቶ፣ ቦታውን ጭምር ያሳያል፤ የቴስተሩ አንድ ቁጥር ቦታውን አይነግርም። ሁለቱም የማያዩት አንድ ዓይነት ነገር ስለሆነ አንዱ ሌላውን «ያስቀራል» ማለት አይቻልም።

ከሰልና የባትሪ ድንጋይ ላይ ጸሐፊው በቀና ልብ ወጪ ሊያስቀንሱ አስበዋል፤ ነገር ግን ሁለቱም አይሆኑም። የቤት ከሰል ግራርም ይሁን ባሕር ዛፍ የሚከስለው ከ400 እስከ 500 ዲግሪ አካባቢ ነው። እንጨት ደህና አድርጎ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው ከ700 ዲግሪ በላይ ሲከስል ነው። ያላመነ የቴስተሩን ሁለት ጫፍ ከሰል ላይ ሰክቶ ይይ። የባትሪ ድንጋዩ ጥቁር ዱቄት ደግሞ አብዛኛው ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ ነው፤ ካርቦኑ ጥቂት ሲሆን አሞኒየም ክሎራይድ ወይም ዚንክ ክሎራይድ ጨው አብሮት አለ። ክሎራይድ እርጥበት ይስባል፣ ብረትና አሉሚኒየም ይበላል፤ ሙጫ ውስጥ ማስገባት ዝገትን በገዛ እጅ መዝራት ነው። አልካላይን ከሆነ ውስጡ ያለው ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ አሉሚኒየምን በቀጥታ ያጠቃል።

የደረቅ ባትሪው መሃል ያለው ዘንግ እውነተኛ አስተላላፊ ካርቦን ነው፤ ይህን እንቀበላለን። ግን ተፈጭቶ የሚገኘው ድቡልቡል ፍርፋሪ እንጂ ክር አይደለም። ድቡልቡል ቅንጣት ተያይዞ መንገድ እንዲሠራ ከጠቅላላው ይዘት 16 በመቶ ገደማ መያዝ አለበት፤ ለ100 ግራም ኢፖክሲ ወደ 36 ግራም ግራፋይት ማለት ነው። ናኖቲዩብ በ0.3 ግራም የሚሠራውን! 36 ግራም የገባበት ሙጫ እንደ ጠጣር ሊጥ ስለሚሆን ብረቱን አያርስም፤ የማያርስ ሙጫ ደግሞ አይዝም። በፋብሪካ የሚመረተው አስተላላፊ ካርቦን ብላክ ቅንጣቶቹ ሰንሰለት ስለሚሠሩ ከዚህ ባነሰ መጠን ይበቃል፤ ርካሽ ነገር መሞከር የሚፈልግ ሰው ከከሰል ይልቅ እርሱን ቢፈልግ ይሻላል።

«በበዛ ቁጥር» የተባለውም እንዲሁ ተገልብጧል። ምልክቱ እጅግ የሚጎላው ቅንጣቱ መረብ ለመሥራት ገና በበቃበት መጠን አካባቢ ነው፤ መንገዱ ጥቂት ስለሆነ አንዱ ሲቆረጥ ይታወቃል። ከዚያ በላይ ሲጨመር መንገዱ ይበዛል፣ የአንዱ መቆረጥ ድምፅ አልባ ይሆናል። ጥንካሬም በተወሰነ ደረጃ ሊጨምር ይችላል፤ ይህ የሚሆነው ግን በደንብ ከተበተነ ብቻ ነው። ናኖቲዩብ እርስ በርሱ ተሳስቦ ይቋጠራል። በማንኪያ የተማሰለ ብጥብጥ ቋጠሮና የአየር አረፋ ይሞላል፤ እያንዳንዱ ቋጠሮ የስንጥቅ መነሻ ነው። ሥራው የሚፈልገው ማይክሮሜትሮች በሚያህል ክፍተት ሙጫውን የሚያሳልፍ ባለ ሦስት ሮለር ወፍጮ ወይም አልትራሳውንድ ነው፣ ያውም ማድረቂያው ከመግባቱ በፊት።

ጣርማ በር። ስለዚህ ቦታ ቀልድ የለም። ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ከዋሻው አፍ ተነሥቶ በደብረ ሲና በኩል ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር አካባቢ ሲደርስ መኪናው 1,700 ሜትር ገደማ ወርዷል። 20 ቶን የሚመዝን መኪና በዚህ ቁልቁለት የሚለቀው ጉልበት 333 ሚሊዮን ጁል ነው፤ ዘጠኝ ሊትር ናፍጣ ሲነድ የሚወጣው ሙቀት ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ ሞተሩና ነፋሱ ያልወሰዱት ሁሉ ወደ ፍሬን ይገባል። በክፍል ሙቀት የደረቀ ኢፖክሲ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ላይ መለስለስ ይጀምራል፤ በረጅም ቁልቁለት ፍሬን ላይ የዋለ ታምቡር ግን ብዙ መቶ ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። በሙጫ የሚለጠፍ ሸራ አለ፣ የትንንሽ መኪኖች ነው፤ የሚለጠፈውም በፌኖሊክ ሙጫ፣ በግፊትና ወደ 200 ዲግሪ በሚጠጋ ምድጃ ሙቀት ነው። የከባድ መኪና ሸራ በአብዛኛው በሪቬት የሚመታ ስለሆነ የሚከታተሉት ሙጫ እንኳ የለም።

አንድ ሰው ይህን ሁሉ አልፎ አምፖሉን ቢገጥመውስ? ፍሬን በተያዘ ቁጥር ሙቀቱ ሬዚስታንሱን ስለሚያናውጠው አምፖሉ በየመታጠፊያው ይበራል፤ ሾፌሩ በሁለተኛው ቀን ይነቅለዋል። ከዚህ የከፋው አምፖሉ ሳይበራ ሲቀር ሾፌሩ አምኖት በከባድ ማርሽ ከመውረድ ይልቅ ፍሬን ላይ መተኛቱ ነው። ምላሽ እንድንጽፍ ያስገደደን በዋናነት ይህ አንቀጽ ነው። ጸሐፊው ሌላውን ሁሉ ቢተዉት እንኳ ይህን እንዲያነሡት በአክብሮት እንጠይቃለን።

ስለ ጤናው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2014 ባደረገው ግምገማ ሚትሱይ-7 የተባለውን ባለ ብዙ ግድግዳ ናኖቲዩብ ለሰው ካንሰር አምጪ ሊሆን ይችላል ብሎ በ2ቢ መድቦታል። የአሜሪካ ብሔራዊ የሙያ ደኅንነትና ጤና ተቋም በ2013 ያወጣው ምክረ ሐሳብ ለስምንት ሰዓት ሥራ በአንድ ሜትር ኩብ አየር 1 ማይክሮግራም ነው። አንድ ግራም ዱቄት ቢበተን አንድ ሚሊዮን ሜትር ኩብ አየር እስከዚህ ወሰን ያደርሳል፤ 10 በ10፣ ቁመቱ 4 ሜትር የሆነ ሥራ ቤት 2,500 ጊዜ ማለት ነው። (የምድጃ ጥላሸትስ መቼ ደህና ሆነና!) ሙጫው ከደረቀ በኋላ ቅንጣቱ ታስሮ ስለሚቀር ነክቶ መሥራት አያሰጋም። አደጋው ደረቁን ዱቄት ሲመዝኑና ያረጀውን ሙጫ ሲሞርዱ ነው። ስለዚህ የሚገዛው ዱቄቱ ሳይሆን አስቀድሞ ሬዚን (ማድረቂያ ያልገባበት ኢፖክሲ) ውስጥ የተበተነው ይሁን፤ ሲሞረድም በውኃ እየረጠበ።

ይህ ሁሉ ነገሩን ለማጣጣል አይደለም። ዘዴው የሚያምርበት ቦታ አለው፦ የሚጣበቁት ነገሮች ራሳቸው ኤሌክትሪክ የማያስተላልፉ ሲሆኑ። ፋይበርግላስ ከፋይበርግላስ ጋር ሲለጠፍ ኤሌክትሪኩ በሙጫው ርዝመት ብቻ ይሄዳል፣ የሚያሳስተው ብረት የለም፣ ኤሌክትሮዶችን በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ደርድሮ ስንጥቁ የትኛው ክፍል እንዳለ ማወቅም ይቻላል። የነፋስ ተርባይን ክንፍ እንዲህ ያለ መጋጠሚያ አለው። ጽሑፉ «ናኖቅንጣት» እያለ ሁሉንም በአንድ ማሰሮ ከተተው እንጂ ሌሎችም መንገዶች አሉ፤ ለምሳሌ ክሮሚየም ያለበት የአሉሚና ቅንጣት ብርሃን ሲበራበት 694 ናኖሜትር አካባቢ ቀይ ያበራል፣ በውጥረት ጊዜም ቀለሙ በጥቂቱ ይሸሻል። ያም ቢሆን ብርሃን ላሜራን ስለማያልፍ በብረት መካከል ያለን ሙጫ አያሳይም።

በኮሌጅ ሥራ ቤት መሞከር ለሚፈልጉ መምህራን ከትንሹ መጀመር ይሻላል። 25 ሚሊ ሜትር ወርድ፣ 150 ሚሊ ሜትር ርዝመት፣ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው የአሉሚኒየም ቁራጮች ጥንድ ጥንድ ይዘጋጁ። ግማሾቹ ጥንዶች እንዲሁ ይጠረጉ። ግማሾቹ በሥርዓት ይጽዱ፦ መጀመሪያ በአሴቶንና በንጹሕ ነጭ ጨርቅ፣ ጨርቁ መቆሸሹን እስኪያቆም እየተቀየረ፤ ቀጥሎ በብርጭቆ ወረቀት፤ ከዚያ እንደገና በአሴቶን። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ዘይቱ በጭረቱ ውስጥ ይቀበራል። በተጣራ ውኃ ሲረጩ ውኃው ለ30 ሰከንድ ሳይሰበሰብና ሳያንጠባጥብ እንደ ስስ መጋረጃ ከቆየ ገጹ ንጹሕ ነው። ገጹ ደርቆ በዚያው ሰዓት ሙጫው ይቀባ፣ ውፍረቱ እኩል እንዲሆን 0.2 ሚሊ ሜትር ሽቦ ሁለት ቦታ ይግባ፤ ሽቦው በፕላስቲክ የተሸፈነ ይሁን፣ አለበለዚያ ሁለቱን ብረቶች ያገናኛል። የአንደኛው ጫፍ 20 ሚሊ ሜትር ያህል ሙጫ ሳይነካው ይቀር።

ሙጫው ከደረቀ በኋላ የእያንዳንዱ ጥንድ ሬዚስታንስ ከምስክሩ ናሙና ጋር ለአንድ ሳምንት በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት እየተለካ ይመዝገብ። በደንብ የጸዱትና ያልጸዱት ቁጥሮቻቸው ሊለዩ እንደማይችሉ ያኔ ይታያል። ቀጥሎ ባልተቀባው ጫፍ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሽብልቅ ይገባና ስንጥቁ የደረሰበት በብዕር ምልክት ይደረግ፤ ጥንዱ ሙቅ ውኃ ባለበት ዝግ ሣጥን ውስጥ 50 ዲግሪ አካባቢ ለ24 ሰዓት ይቆይ። ሽብልቁ በላስቲክ ይጠቅለል፣ እርሱም ብረት ነውና። ሲወጣ ስንጥቁ ምን ያህል እንደተጓዘ ይለካ፣ ሬዚስታንሱም ከዚያ ጋር ይነጻጸር፤ ንባቡ ስንጥቁን መከተሉ የጸሐፊው ሐሳብ የቱ ላይ እውነት እንደሆነ ያሳያል።

በመጨረሻ ሁለቱ ቁራጮች ተላቅቀው ገጻቸው ጎን ለጎን ይታይ። ናኖቲዩብ ከመቶ 0.3 እጅ እንኳ ቢገባ ሙጫውን ድፍን ጥቁር ያደርገዋል፤ ስለዚህ ለዓይን ይመቻል። ጥቁሩ በሁለቱም ላይ ከቀረ የተቀደደው ሙጫው ነው። አንዱ ጥቁር፣ ሌላው የሚያብለጨልጭ ብረት ከሆነ የለቀቀው ገጹ ነው።